አንድ የተቃውሞ እጅ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለኢማማችንም አልነገርኩም። ዐረፋ ሜዳ ላይ ሁለት ነጭ ጨርቅ ተከናንቤ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እንደ ሰው ሁሉ ሳነባ እንኳ ይህቺን ነገር ዘልዬ ነው ያነባሁት። አላህ የሆድን ያውቃል፣ በአፍ መዘርዘሩ ለምኔ ነው ብዬ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! እኛ ዘንድ እንደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የነፍስ አባት የለም። ስለዚህ ዛሬ እናንተን አስቀምጬ እናገራለሁ፤ ሰምታችሁ ስታበቁ ታዲያ "ሰው ነው፣ ይሳሳታል" እንዳትሉኝ። አልተሳሳትኩም። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ዛሬ ሀጂ ነዚፍ ነው የምባለው። ሸቤ ገበያ ላይ ሳልፍ ሽማግሌው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይልልኛል። ያኔ ግን ከሸቤ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የድርጅት ጉዳይ ኃላፊ ነበርኩ። ድርጅት ስል የትኛው እንዳትሉኝ፤ አንድ ነበር፣ "ድርጅት" ከተባለ እሱ ነው፣ አለቀ። ምርጫም ሲመጣ ዕጩው አንድ ነው። ለላይኛውም ወንበር ለታችኛውም ወንበር አንድ ስም ይቀርባል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ "የሚደግፍ" ሲባል እጅ ይወጣል። ቀጥሎ "የሚቃወም"፣ "ድምፀ ተአቅቦ" ይባላል። እነዚህን ሁለቱን ስንጠይቅ ቀና ብለን ሕዝቡን አናይም ነበር፤ ለወጉ ነው። ከዚያ እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ይጨበጨባል፣ ሰው ወደ ቡናው ይመለሳል።

አንድ ጊዜ ወረዳ ጠሩንና ሰብሳቢው አዲስ ነገር አመጣ። ከየቀበሌው የሚደርሳቸው ሪፖርት ሁሉ በሙሉ ድምፅ፣ በሙሉ ድምፅ መሆኑ ደስ አላሰኛቸውም። ለዴሞክራሲው ሲባል አንድ ሁለት ተቃውሞ ይኑርበት፣ "በአብላጫ ድምፅ" የሚል ነገር እንይ አለን። እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ስንወጣ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ያንተ ቀበሌ ነውና አደራ አለኝ። አደራ መባሉ እንዴት ደስ እንዳሰኘኝ! ተቃዋሚ እንዲያመርት የታዘዘ ሰው እንደዚያ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይታችሁ አታውቁም።

የሚመረጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር። ዕጩው አባ ፊጣ ናቸው፤ ሰው የሚያከብራቸው፣ ሁለት የተጣላ ቤት ሲያስታርቁ የሚያድሩ ሽማግሌ። ሰው ሳይገደድም የሚመርጣቸው ነበሩ፤ ችግሩም እሱ ነው፣ የሚቃወማቸው ከየት ይገኛል? አንዱን ጎረቤቴን ቡና ሲመነጥር አግኝቼ ነገሩን ጣል አደረግኩለት። ገጀራውን መሬት ላይ አኖረና፣ "ነዚፍ፣ ምን አጠፋሁህ?" አለኝ። ሌላውም እንደዚያው። አንዱ ጭራሽ ገና ስጀምር ጫቱን ጥሎ ተነሳ። ሰው ሁሉ ወጥመድ መሰለው። ልክ ነበሩ።

ያን ጊዜ ነው ላሬቦ ትዝ ያለኝ። ላሬቦ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ፣ ወቅቱ ሲያልቅ አገሩ ሳይመለስ እኛው ዘንድ የቀረ ጎልማሳ ነው። ጴንጤ ነው። ጫካው ዳር ያለች ቁራሽ መሬት ቀበሌው በቃል ሰጥቶት፣ እሾኽና ቁጥቋጦውን በእጁ መንጥሮ ቡና ተከለባት፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ ይዛለት ነበር። የመሬት ደብተር የለውም፣ ወንድም የለው፣ አጎት የለው። ሚስቱ ወርቅነሽ ነፍሰ ጡር ናት። ላሬቦ ኦሮምኛውን ከእኛ ከተወላጆቹ ባላነሰ ይናገራል፣ ለቅሶ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቢሆንም መጤ መጤ ነው። ቢወድቅ ማን ይጮህለታል? ማንም። ይህን አስቤ ነው የመረጥኩት። ድንገት ትዝ አለኝ ማለቴም ውሸት ነው፤ ሰው አማርጬ፣ አገላብጬ አይቼ፣ የማይጮህለትን መርጬ ነው።

ቡናው ውስጥ አገኘሁትና ነገሩን አስረዳሁት። እጅህን አውጣ፣ ሌላ ምንም የለብህም፣ የመንግሥት ሥራ ነው አልኩት። ምርጫው እንዳለቀ የመሬት ደብተርህን እኔው ራሴ አስጨርስልሃለሁ አልኩት። ደብተር ስል ዓይኑ እንዴት እንደበራ ዛሬም አልረሳውም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ግን ላሬቦ ወዲያው እሺ አላለም። አባ ፊጣን እወዳቸዋለሁ፣ የምወደውን ሰው እቃወማለሁ ብል ውሸት አይሆንብኝም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በአፍህ ምንም አትልም፣ እጅህን ብቻ ነው የምታወጣው አልኩት። ጸልዬ ልምጣ አለ። ሰው ለእጁ ይጸልያል? ይጸልያል። በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጣ።

"የበላይን መታዘዝ መጽሐፋችን ያዛል፤ እጄን አወጣለሁ" አለኝ። "ከአፌ ግን ውሸት አይወጣም፣ ጋሼ ነዚፍ።"

ቶሌ፣ እሺ አልኩት። ማንም ቢጠይቅህ እኔ ነኝ ያልኩህ እንዳትል ብዬም ቃል አስገባሁት። "ቃሌ ነው" አለ። እነሱ አይምሉም። እኛ ለሽንኩርት ዋጋ እንኳ ወላሂ እንላለን።

የምርጫው ቀን ሕዝቡ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሣር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ያልታሰበ መኪና ገባ። ከዞን ነው። አደራ ያለኝ የወረዳው ሰው ከኋላ ወርዶ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዞኖቹ ይህን የአንድ ሁለት ተቃውሞ ዘዴ አያውቁም ነበርና። የዞኑ ሰውዬ ቁጡ መሆኑን ሁላችንም እንሰማለን። ላሬቦ ከወርቅነሽ ጎን ወደ ኋላ ተቀምጧል። ተነስቼ ሄጄ በጆሮው "ተወው" ልለው እችል ነበር። መንገዱ ክፍት ነው፣ ጊዜም ነበረኝ። ምን ሳደርግ ነበር መሰላችሁ? ለእንግዳው ወንበር ስጠርግ፣ ውኃ ሳስመጣ፣ የእጁን ሰዓት በስርቆት ሳይ ነበር። ደግሞም በልቤ፣ ሌላው ቀበሌ ያላደረገውን እኔ እንዳደረግኩ ይይልኝ እያልኩ ነበር። ለአንድ ቃል ሰነፍኩ። ስንፍና ብቻ እንዳልነበረ ግን ኋላ ትሰማላችሁ።

የዞኑ ሰው ራሱ ምርጫውን መራ። የሚደግፍ ሲል ግቢው በእጅ ሞላ። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ እንደተከለ የሚቃወም አለ፣ ቀጥሎም ድምፀ ተአቅቦ ሊል አፉን ከፈተ። ላሬቦ እጁን አወጣ። ግማሽ አይደለም፣ እንደሚፈራ ሰው ጆሮው ላይ አይደለም፣ ሙሉ ክንዱን ነው ያወጣው። ሥራ ሲሰጡት እንዲያ ነው፣ አያጓድልም። አባ ፊጣ ዞረው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ፤ ባለፈው ክረምት ሲታመሙ በቃሬዛ ተሸክሟቸው ነበር።

ሰውዬው መጀመሪያ ሳቅ አለ። ቀጥሎ ተነስ አለው፣ ተነሳ። ምክንያትህን ለሕዝቡ ንገር አለው። ምክንያት ከየት ይምጣ? አላዘጋጀሁለትማ! ማን ይጠይቀዋል ብዬ። ላሬቦም፣ "ምክንያት የለኝም" አለ። እውነቱን ነው፣ አልነበረውም።

"ምክንያት ከሌለህ ማን ልኮህ ነው?" አለው ሰውዬው።

ላሬቦ አየኝ። አንድ ጊዜ ነው ያየኝ፣ ደግሞም ለመውቀስ አልነበረም፤ አንተ ተናገር፣ እኔ ቃል አለብኝ የሚል አስተያየት ነበር። የወረዳውን ሰው አየሁ፤ ጫማውን ያያል። እኔም እስክሪብቶዬን አየሁ። እጅህን አውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። በደብተር ያባበልኩት እኔ ነኝ። አፉን በቃል የቆለፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ምን ይመጣብኝ ነበር? ግምገማ ላይ ይወቅሱኛል፣ ቢከፋ ከኃላፊነት ያወርዱኛል፤ ወርጄ ቡናዬን እለቅማለሁ። በቃ ይኸው ነው። አልተናገርኩም።

"ይህን መመለስ አልችልም" አለ ላሬቦ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ነው በተለይ ልብ በሉልኝ፤ እስካሁን ያለውን ፈሪ ሁሉ ያደርገዋል። የዞኑ ሰው ወደ እኔ ዞሮ ይህ ሰው ማነው አለኝ። እብድ ቢጤ ነው ብል ይስቁና ያልፉት ነበር። አላውቀውም ብል እንኳ ይሻለው ነበር። እኔ ግን ብድግ አልኩና፣ ድምፄን ጠርጌ፣ "መጤ ነው። የሚሰበሰቡበት ቤት አላቸው፣ ስንከታተለው ቆይተናል" አልኩ።

የሚሰበሰቡት ለጸሎት ነው። መዝሙራቸውን ከመንገድ እሰማው ነበር፤ ወርቅነሽ ደህና ድምፅ ነበራት። ይህን እያወቅኩ አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ቃሉ አንዴ ከአፌ ሲወጣ ደግሞ ጣፈጠኝ። ሰውዬው ራሱን ሲነቀንቅልኝ ጊዜ ጨመርኩበት፤ ከአካባቢው ልማት ራሱን ያገለለ ነው አልኩ፣ መሬቱንም በሕገ ወጥ መንገድ ነው የያዘው አልኩ። መሬቱን ማን አነሳብኝ? ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ ነው ራሴን የምጠረጥረው። ሲጀመር ጀምሮ ዓይኔ ቡናው ላይ ነበር ወይ? አልነበረም ብዬ ልማል? አልምልም።

የዞኑ ሰው ሕዝቡ ይወስን አለ። ሰውን ማባረርም በእጅ ነበር። ይህ ሰው ከመካከላችን ይውጣ የሚል አለ። በመጀመሪያ የወጣው እጅ የኔ ነው። ላሬቦ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር የማን እጅ እንደቀደመ አላየም፤ ወርቅነሽ አይታለች። ከኔ ቀጥሎ የዚያ ገጀራውን ያኖረው ጎረቤቴ እጅ ወጣ፣ ከዚያ የሁሉም። አባ ፊጣ መጨረሻ ላይ፣ እያመማቸው፣ አወጡ። የሚቃወም ሲባል ማንም የለም። ቃለ ጉባኤውን እኔ ጻፍኩት፤ አባ ፊጣ በአብላጫ ድምፅ ተመረጡ፣ ላሬቦ በሙሉ ድምፅ ተባረረ። የወረዳው ሰው ሲሄድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ላሬቦን ሚሊሻ ወደ ወረዳ ወሰደው። ወርቅነሽን ከቤቱ አስወጧት፤ አስወጧት ስል እኔ ነኝ ቆሜ ያስወጣሁት። ድስቷን፣ ቁርጥራጭ ልብሷንና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በአንሶላ ቋጥራ በአስፋልቱ ወደ ሰቃ በእግሯ ሄደች፤ እዚያ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ነበሩ። ሆዷ ገፍቶ ነበር። እዚያው ሰቃ ወለደች፤ ልጁ አልበረከተም። ይህን የሰማሁት ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ሳሰጣ ነው። የማንን ቡና ነው የማሰጣው? የላሬቦን ነዋ! ደም መስሎ ቀልቶ ከዛፉ ሊረግፍ ነው፣ ይበላሻል፣ ሕዝብና መንግሥት ይጎዳል ብዬ ለጊዜው በአደራ ተረከብኩት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔን አልቆጨኝም። ወሬውን ያመጣችልኝ ሴት "ሚስኪን" አለች። እኔም "ሚስኪን" አልኩና ቡናዬን ማገላበጤን ቀጠልኩ።

ላሬቦ የታሰረበት ሄጄ ጠየቅሁት። ደግ ሆኜ አይደለም፣ አፉን ልሰማ ነው። በአጥሩ ሽቦ በኩል አነጋገርኩት። ምን ጠየቁህ አልኩት፤ ማን እንደላከኝ አለ። ምን አልክ አልኩት፤ ዝም አልኩ አለኝ። ጉንጩ አብጦ ነበር። ዝም በል፣ እኔ አስፈታሃለሁ አልኩት። ክስ የሚሆን ነገር አጥተውበት እንደሚለቁት የወረዳው ሰው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ያስፈታሁት መስዬ የሚወጣ ዕለት በር ላይ ጠበቅሁት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። የልጁን ሞት ገና አልሰማም ነበር። ጉልበቴን አስሜ፣ ቀበሌው እንዳትመለስ፣ እንዳይገድሉህ እፈራለሁ ብዬ ለትራንስፖርት ሰጥቼ ወደ ጅማ ሰደድኩት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። እኔ ግን ጅቡም ባሉም ነበርኩ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ፣ የመሬቱ ደብተር በኔ ስም ወጣ፣ ለሐጅ በቃሁ። መንገድ ሊወጣ ሲል ሰው ጎረቤቱንም ባላንጣውንም ዞሮ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ማለቱ የኖረ ነው። ኡስታዙ መንገደኞቹን ሰብስቦ አስተማረን። በእናንተና በአላህ መካከል ያለውን አላህ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ሳይምር አይማርም አለን። የሚምርላችሁም የሚምረውን አውቆ ይሁን አለ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሄድኩ። ወላሂ ልናገር ነው የሄድኩት። መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ነበር።

አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ነው ያሉት። ላሬቦ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ትከሻው ተበላሽቶ ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሳም። ሲያየኝ ግን የነበረው ደስታ! ለሐጅ የሚሄድ ሰው ደጄን ረገጠ ብሎ ጎረቤት ጠራ፣ ለስላሳ አስመጣ፣ ያለችውን አንድ ወንበር ለኔ ጎተተ። ለመጣሁበት ጉዳይ አፌን ሳልከፍት ገባው፤ ከእኛ ጋር ኖሯል፣ ወጉን ያውቀዋል።

"አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ ነዚፍ" አለኝ። "ምን በድለውኝ? ያን ቀን የተናገሩት ተገድደው ነው። እርስዎ ባይኖሩ እስር ቤት በስብሼ ነበር። ስጸልይ ስምዎን ሳልጠራ ቀርቼ አላውቅም።"

ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከገባሁ ጀምሮ አልተቀመጠችም፣ እጄንም አልጨበጠችኝም። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

"ለየቱ ነው አፉ የሚልዎት? ስሙን ይጥሩለት" አለችኝ።

ላሬቦ ተቆጣት፤ እንግዳ ነው፣ መንገደኛ ነው፣ ምን ሆነሻል አላት። እሷ ከኔ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። እንግዲህ ያን ቀን የሚያስፈራኝ ዞን የለም፣ ወረዳ የለም፣ ሥልጣን የለኝም የሚወሰድብኝ። አንድ ምስኪን አካል ጉዳተኛ እና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ለመናገር ከዚያ የሚሻል ቦታ አላህ ከየት ያምጣልኝ? አፌን ከፈትኩ። "በማወቅም ባለማወቅም ለበደልኩት ሁሉ" አልኩ። ሰው ሁሉ የሚላት ቃል ናት፤ ማንንም አታስጠይቅም። ላሬቦ አሜን አለ። ተነስቼ፣ አቅፌው፣ የማይነሳ ትከሻውን ስሜ ወጣሁ። ወርቅነሽ ከበሩ ዞር ብላ አሳለፈችኝ።

ለምን አልተናገርኩም? ፈርቼ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የለም። ሐቁን ካወቀ አፉ ቢለኝም ቡናውን መመለስ ሊኖርብኝ ነው። ልጄ እዚያ ቦታ ላይ ቤት መሥራት ጀምሮ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሳሰላስል የነበረው እንዴት እንደምናገር ብቻ አልነበረም፤ ብናገር ምን እንደማጣም አስልቼ ጨርሼ ነበር። አስልቼ ነው በማወቅም ባለማወቅም ያልኩት። መካ የሄድኩትም በዚያ ምሕረት ነው፣ ከማያውቅ ሰው አታልዬ በወሰድኩት።

አሁን እናንተ አውቃችኋል። ወርቅነሽ ታውቃለች፤ ብትነግረውም አላመናትም መሰለኝ። የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሳልደርስበት አመለጠኝ ብዬ አለቅስ ነበር፣ ለእናንተም ታሪኩ ያምር ነበር። ላሬቦ አለ፣ በሕይወት አለ። ከሸቤ ጅማ ሚኒባስ ጠፍቶ አያውቅም፣ ቤቱንም አውቀዋለሁ። ለእናንተ የምናገረው እናንተ ምንም ስለማትወስዱብኝ ነው። አፉ እንዳትሉኝ፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ነገ ሄደህ ንገረው የሚለኝ ካለም ልፋቱን ይተው። ነገ አልሄድም። ላሬቦ ዛሬም ሲጸልይ ስሜን ይጠራል፣ እኔም እንዲጠራ ተውኩት።